መዝገብ ሠሪ አስቀድሞ ለቅሶ ይድረስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት ከመካከላችን ለተለዩን ነፍስ ይማር እላለሁ። ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን። እኛንም ከዓመት ዓመት አድርሶ እዚህ አዋሽ ዳር፣ ዋርካው ጥላ ሥር ስላሰባሰበን ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ኮሚቴው «የእድሩ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ይግባ አይግባ በሚለው ጉዳይ ላይ አንተ ብዙ ዓመት ብዕር የያዝክ ስለሆንክ ጥቂት ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ጡረተኛ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል? ብናገርም ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ዛሬ ከኔ ልጆቻችሁ ያውቃሉ። በኋላ ግን አሰብኩት። የምናገረው ስለ ማሽኑ ሳይሆን ማሽኑን ስለሚሠራው ሰው ከሆነ እኔም የማውቀው ነገር አለ። ከታይፕ ጋር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ በመዝገብም ሰው በድያለሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ከበደሉ ልጀምር።

በ1994 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ ታስታውሱታላችሁ፣ አዲስ የገባችሁ ግን አትሰሙት ይሆናል። በእድራችን ውስጥ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት እናቶች ነበሩ። ትክክለኛ ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩን በሆሄ ለማሳየት ያህል ብቻ ሁለቱንም ፀሐይ ልበላቸው። እኔ ጸሐፊው ታዲያ እንዳይምታቱብኝ ብዬ አንድ ብልሃት ፈጠርኩ። የአንደኛዋን ስም በፀሐዩ ፀ ጻፍኩት፤ የሁለተኛዋን በጸሎቱ ጸ። መዝገቤን ስከፍት በዓይኔ ብቻ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። እንዲያውም በብልሃቴ እኮራ ነበር።

በዚያው ዓመት ወባ ይዞኝ፣ ቢሻለኝም እያገረሸብኝ፣ ወደ ደጋ ዘመዶቼ ዘንድ ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። ሌላ ሰው ተተክቶ ብዕር ያዘ። ያ ሰው ደግሞ የእኔን ብልሃት አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ለእርሱ ፀሐይ የሚባለው ስም አንድ ነው፤ ሁሉንም በጸሎቱ ጸ ይጽፋል። ስለዚህ የሁለቱ እናቶች መዋጮ በአንዷ ገጽ ላይ ተከማቸ። ስመለስ አየሁት። የአንዷ ገጽ ሦስት ወር ባዶ ነው፣ የሌላዋ ሦስት ወር ቀድሞ የተከፈለ ይመስላል። ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

ብዙ ሳይቆይ የዚያችኛይቱ ባለቤት ሌሊት አረፉ። ልጃቸው ጎህ ሳይቀድ ወደ ጥሩምባ ነፊያችን ሄደ፤ ጥሩምባ ነፊው ደግሞ እንደ ደንቡ ወደ እኔ ላከው። ፋኖስ አብርቼ መዝገቡን ገለጥኩ። «የሦስት ወር ውዝፍ አለባችሁ፤ በደንቡ መሠረት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይወጣም» አልኩት። ልጁ «ጋሼ፣ እናቴ ከፍላለች» አለኝ። «መዝገቡ አላለም» አልኩት።

እኚያ እናት አስከሬን ቤት አስቀምጠው ሣጥን ሲፈትሹ አረፈዱ። ሦስቱን ደረሰኞች በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይዘውልኝ ሲመጡ ረፋድ ላይ ነበር። ጥሩምባው እኩለ ቀን ላይ ተነፋ። በየእርሻው የተሰማራው ሰው አልሰማም፤ ከዶኒ በኩል የሚመጡት ዘመዶች ከቀብር በኋላ ደረሱ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ወንድም ዓለም፣ እኔ እኮ ገንዘቤን የሰጠሁት ለደብተሩ አልነበረም፤ ለእናንተ ነበር።»

እናንተ ሆይ፣ ደብተሩ ንጹሕ ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ድምሩ የተስተካከለ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለበት። ጥፋቱ ደብተሩ የተሠራው ለእኔ ዓይን፣ ለእኔ ብልሃት መሆኑ ነው። ለሚከፍሉት ሰዎችም፣ እኔ በሌለሁበት ለሚጽፈው ሰውም አልተሠራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ይኸውም ወደ ታይፑ።

የአማርኛ ታይፕ የመታ ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ... አዎን፣ ሦስት ነን። እኛ የምናውቀውን ለሌላው ላስረዳ። ፊደላችን 33 ዓይነት ሆሄ አለው፤ እያንዳንዱ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ቋ እና ጓ ያሉትን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ነጥቦችን ሲጨምሩበት ከዚያ ያልፋል። የጽሕፈት መኪናው ግን የተፈጠረው ሃያ ስድስት ፊደል ላላቸው ሰዎች ነው። ቁልፎቹ 45 ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይና ታች ሁለት ሆሄ ቢይዝ ከዘጠና አያልፍም። 231 በዘጠና በር እንዴት ይግባ?

በዚህ ሥራ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኢንጂኒየር አያና ብሩ ናቸው። ፊደሉን ፈትተው አዩት። ብዙዎቹ ካዕቦች ግዕዙን ወስደው ጎኑ ላይ ቅጥያ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹ ሣልሶች እግሩ ሥር ያደርጋሉ። ስለዚህ ሁሉንም ሆሄ ለየብቻ ማስቀመጥ ሳያስፈልግ አካሉን አንድ ጊዜ፣ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ መምታት ይቻላል። የአማርኛ ታይፕ በዚህ መንገድ ቆመ። አንድን ሆሄ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ እንመታ ነበር። ሆሄው እንደ ብራና ጽሑፍ አያምርም፤ ቅጥያው አንዳንዴ ከአካሉ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይደርብበታል። የቁም ጸሐፊዎች አይተው አፍንጫቸውን ይነፉ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ያገሬ ገበሬ አቤቱታውን በገዛ ፊደሉ አስጽፎ እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። ቢሮ ደጃፍ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይመቱ የነበሩትን ታስታውሷቸው የለ?

ከዚያ ቀጥሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲሱ ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠሩ። የእርሳቸው በር ደግሞ ከታይፑም የጠበበ ነበር። ቴሌፕሪንተር በሽቦ የሚልከው ምልክት አምስት አምስት ምት ያለው በመሆኑ ሊፈጥር የሚችለው 32 ዓይነት ብቻ ነው፤ በመቀያየሪያ ቁልፍ ቢታጠፍም ከስድሳ ብዙም አያልፍም። ይህን በመሰለ ቀዳዳ ውስጥ ፊደላችንን አሳለፉት።

እዚህ ላይ ነው ልብ በሉልኝ የምለው። በዚያ ዘመንም በኋላም «ፊደሉ ስለበዛ ይቀነስ፤ ለማሽኑ እንዲመች ይለወጥ» የሚሉ ነበሩ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ሥራ እንዲቀል ነው። ጥያቄው ግን ተገልብጦም ሊጠየቅ ይችላል። ሰዉ የሚጽፈው ይህን ነው፤ ማሽኑ ምን ይሁን? እኔ የምለው ዛሬም የሥራ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ ያው ታሪክ ተደገመ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ለምሳሌ አቶ ፍሥሐ አጥላው፣ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ፣ ኋላም አቶ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም ግዕዝ በኮምፒዩተር እንዲጻፍ ደከሙ። አገር ቤትም አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች መጡ። ሁሉም በየፊናው ሥራውን ሠርቷል። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ለሆሄያቱ የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት አራት ማዕዘን ሳጥንና ዝብርቅርቅ ይሆናል። ይኸው እንግዲህ የእኔ የፀሐዩ ፀ እና የጸሎቱ ጸ ታሪክ በትልቁ! ሁሉም ለራሱ የሚገባውን ምልክት አድርጎ ሌላው እንዲያውቅለት ይጠብቃል።

መድኃኒቱ ስምምነት ሆነ። ዩኒኮድ የሚባል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጥ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ሆሄያትና ምልክቶች ተመዘገቡ። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው፤ እዚህም ሶደሬ፣ ቶኪዮም፣ የትም ቢሄድ 4608 ነው። የኦሮምኛው ዸ ሳይቀር የራሱ ቁጥር አግኝቷል፤ 4856። እኔ ታይፕ ስመታ ዸ የለኝም ነበርና የስንቱን ኦቦና የስንቷን አዴ ስም በደ ጽፌ አበላሽቼ ይሆን? ስሙን አበላሽተህ የጻፍክበት ሰው መዝገቡ የእኔ ነው አይልም።

በኦሮምኛ ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ የሐረርጌው ሼህ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአፋን ኦሮሞ የራሱ የሆነ ፊደል የፈጠሩት በዚሁ አሳብ ነው። መጀመሪያ የሕዝቡን አንደበት አዳመጡ፣ ድምፁን ለዩ፣ ከዚያ ለድምፁ ሆሄ ቀረጹ። ዛሬ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ ቢሆንም የእርሳቸው አካሄድ ትምህርት ነው። ጆሮ ይቀድማል፤ እጅ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ለሕዝብ ሲወጣ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳና «ናያላ» የተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አብሮት መጣ። ናያላ ማለት ይህ ከአዋሽ ማዶ በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረው ደጋ አጋዘን ነው። ቅርጹን የሠሩት ፈረንጆች ስሙን ከእኛ ተራራ ወሰዱ። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ከሩቅ አገር ላምጣና ወደ ራሳችን ጉዳይ እመለሳለሁ። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1809 የተወለደ ሉዊ ብሬል የሚባል ልጅ ነበረ። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበሩ። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋና ውሎ አድሮ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። በዚያን ዘመን አንድ የጦር መኮንን የነበረ ሰው በጨለማ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት አውጥቶ ነበር፤ ለአንዱ ምልክት እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ። ብልህ ሥራ ነው። ነገር ግን ያወጣው ዓይኑ የሚያይ ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ሳተ። አሥራ ሁለት ነጥብ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር አይገባም፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ አለባት። ብሬል በ1824 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ ስድስት ነጥብ አወረደው። ስድስቱ በአንድ ዳሰሳ ይታወቃሉ። በዓለም ዙሪያ ብዙ ዓይነ ስውራን ዛሬ የሚያነቡት በዚሁ ነው። ልዩነቱ ከጣቱ መነሣቱ ላይ ነው። የሚጠቀምበት ሰው ጣት የቱን ያህል ነው? ከሚል ተነሣ።

እንግዲህ ወደ እኛ እድር።

ባለፈው ዓመት ከመንደራችን ልጆች አንዱ፣ አዳማ ተምሮ የተመለሰ፣ «መዝገቡን በነጻ በኮምፒዩተር ልሥራላችሁ» ብሎ መጣ። ፕሮግራሙን የሚነድፈውም የሚሠራውም እርሱ ራሱ ነው፤ እንደ መንደር ልብስ ሰፊ በሉት፣ ልክ የሚወስደውም የሚሰፋውም አንድ ሰው። በሁለት ሳምንት ሠርቶ አመጣና ለኮሚቴው አሳየን። ቀለሙ ያምራል፣ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ሁሉም ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ዳኛችን «እሰይ!» አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ልጄ፣ ሰው ሞተ ተብሎ ሲነገረው ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው?»

ነካ ነካ አደረገና አሳየኝ። «የአባሉ ክፍያ ተሟልቷል?» ይላል። ካልተሟላ በቀይ ይጽፋል፤ ወደ ቀጣዩም አያሳልፍም።

እኔ ራሴን አየሁት። ፋኖስ ይዤ የቆምኩትን እኔን። ልጁ ቀለም ቀብቶ ሠርቶልኛል።

አልተቆጣሁትም፤ ሳይማረው አስተማሪው ማን ሆኖ? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ «ሦስት ወር ኮምፒዩተሩን ዝጋና ከኔ ጋር ተቀመጥ» አልኩት። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እሺ አለ። መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ አጠገቤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ድንኳን ሲተከል ካስማ መታ። ለቅሶ ቤት ወንበር ተሸከመ፣ ንፍሮ አዞረ። አንድ ቀን እዚህ እንደተቀመጥን ጦጣ ወርዳ ደረሰኝ ነጥቃን ዛፍ ላይ ወጣች፤ «ጋሼ፣ ለካ የጦጣም ጉዳይ በፕሮግራሙ ይታሰባል» ብሎ ሳቀ። ያየውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፍ ነበር። ከዚያ ቀዳድዶ ጣለውና እንደ አዲስ ሠራው።

ምን ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ፤ ድምፅ የምትሰጡበት ጉዳይ ነውና።

አንደኛ፣ የስም አጻጻፍ። በሃሌታው ሀ ጻፉት፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ፣ በእሳቱ ሰ ወይም በንጉሡ ሠ፣ በአልፋው አ ወይም በዐይኑ ዐ፣ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ፕሮግራሙ ሲፈልግ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ባለቤቱ እንደወደደው ግን ይጻፋል፤ የሰው ስም አይታረምም። ሁለት ሰዎች በስም ቢገጥሙ የሚለዩት በቤታቸውና ሰፈር በሚጠራቸው ስም ነው። እንዲህ ስላችሁ «የእገሌ እናት»፣ «ጉሊቷ»፣ «የፍል ውሃው ዘበኛ» ተብሎ ይገባል። ልጁ ከእኔ ጋር ሲቀመጥ ያወቀው ይህን ነው። መንደር ውስጥ በመታወቂያ ስሙ የሚጠራ ሰው ከስንት አንድ ነው!

ሁለተኛ፣ ወኪል ከፋይ። የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱ አባል ለራሱ ይከፍላል ብሎ ያስብ ነበር። የኛ ሰው እንዲህ ነው እንዴ? አንዷ የሦስት ጎረቤት ሰብስባ ትመጣለች፤ ልጅ ለእናቱ ከአዲስ አበባ ይልካል። አሁን ማን ለማን እንዳመጣ ተለይቶ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ የስልክ መልእክት። መዋጮ ሲገባ ለአባሉ መልእክት ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ ያረቀቀው ከእድሩ ሙሉ ስም ጀምሮ የአዋጅ ያህል ረጅም ነበር። ለካ በላቲን ፊደል አንድ የስልክ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ካለፈ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ ለእድሩም ወጪ ነው። «በላቲን ይጻፍ» ቢባል እናቶቻችን አያነቡም። ስለዚህ መልእክቱ አጠረ። «የጥቅምት መዋጮዎ ደርሶናል። እናመሰግናለን።» በቃ። ኦሮምኛ ይሻለኛል ለሚል በኦሮምኛ ይላክለታል። አሮጌ ስልክ ያላችሁ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። ስለዚህ አራተኛውን ስሙ።

አራተኛ፣ የወረቀት ደረሰኝ አይቀርም። ካርቦን ያለው ደረሰኝ እንደ ድሮው ይቆረጣል፤ ጽሑፉ ግን ተለቅ ብሎ ይታተማል። በ1994 ሐቁን ያወጣችው ያቺ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረች ወረቀት ናት። በቴሌብር መክፈል የሚፈልግ ይክፈል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ለምዳችሁታል፤ በተራ ስልክም *127# ተብሎ ይሠራል። በእጁ ለሚያመጣ ግን በርጩማዬና ሳጥኔ እዚሁ ናቸው። ጥሩምባውም ጥሩምባ ነው፤ አንድ አዛውንት በስልክ ጥሪ መርዶ ይስሙ አንልም።

አምስተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ አይፋቅም። በድሮው ደብተር በቀይ ሠርዘን ከላዩ እንደምንፈርመው ሁሉ የቀድሞው እየታየ እርማቱ ከነአራሚው ስም ይጻፋል። በየወሩም ታትሞ እዚህ ይለጠፋል፤ ሁሉም የራሱን ገጽ በዓይኑ ያያል። የቀድሞውን ደብተራችንን ምስጥ እንደበላው አትርሱ፤ ስለዚህ ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጣል።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ሰው ሲሞት ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተለውጧል። አሁን የሚለው «ድንኳኑ ወዴት ይሂድ?» ነው። ቀጥሎ «ማን ማን ይነገረው?» ይላል፤ የተራ ባለ ቀብር ቆፋሪዎችንና ዕቃ አውጪዎችን ስም ያወጣል። የሂሳቡ ነገር የሚመጣው ከሰልስት በኋላ ነው።

ይህ የመጨረሻው ግን ልጁና እኔ ብቻችንን የምንወስነው አይደለም። መተዳደሪያ ደንባችን ከሁለት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል አገልግሎት አያገኝም ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንዲህ እንዲሠራ ደንቡ መሻሻል አለበት። በኮሚቴው ውስጥ አንድ አባት «ደንብ ከላላ እድር ይፈርሳል፤ ሰው ሁሉ እስኪሞት ድረስ አልከፍልም ይላል» ብለው ተቃውመዋል። እውነት አላቸው፤ አልንቀውም። በመዋጮ ቸልተኝነት ባዶ የቀሩ እድሮችን እኔም አውቃለሁ። ያለ ገንዘብ ድንኳን አይገዛም፣ የተቀደደም አይጠገንም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ዕዳው ይቅር የሚል አይደለም። ውዝፍ ቢኖርም ባይኖርም በሞት ቀን ጥሩምባ ይነፋ፣ ድንኳን ይውጣ፣ ቀብር ይፈጸም። ዕዳው ከነቅጣቱ እስከ አርባ ቀን ይከፈል፤ ካልተከፈለ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይቀነስ። በሕይወት ሳለ ሁለት ወር ያሳለፈ ደግሞ ቅጣቱን ሳንጠብቅ አንድ የኮሚቴ አባል ቤቱ ሄዶ «ምን ሆንክ?» ብሎ ይጠይቀው። ከውዝፍ ስም ውስጥ ስንቱ የታመመ፣ ስንቱ ሥራ ያጣ እንደሆነ ስንሄድ እናየዋለን። መዝገብ የሰውን ባዶ ገጽ ሲያሳየን ክሰሰው ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ሄደህ እየው ማለቱ ይሆናል።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ስለ አንድ ደብተር ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ያየሁት፣ ሰው የሚጎዳው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም። በደህና ሰው በተሠራ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ሳያይ በተሠራ ነገርም ይጎዳል። ደረጃው ለአሮጊት እግር የረዘመ ቤት፣ መስኮቱ ለአጭር ሰው የራቀ ቢሮ፣ ማንበብ ለማይችል የተሰጠ ቅጽ። ሠሪዎቹ ክፉ አይደሉም። ከሥራው በፊት አንድ ቀን ከባለጉዳዩ ጋር ወረፋ ቢቆሙ ኖሮ ያዩት ነበር።

ልጆቻችሁን በአዳማም በአዲስ አበባም የምታስተምሩ እናቶችና አባቶች፣ ይህን ንገሩልኝ። ኮምፒዩተር የሚሠራ ልጅ ከመሥራቱ በፊት ይጠይቅ፣ ከመጠየቁ በፊት ይቀመጥ። መዝገብ ሠሪ አስቀድሞ ለቅሶ ይድረስ። መድኃኒት የሚያከፋፍል ፕሮግራም የሚሠራም ወረፋ ላይ ይዋል፤ የትምህርት ቤት የሚሠራም ከልጆቹ ጋር ዴስክ ላይ ይቀመጥ። ብልሃቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እኚያ ያልኳችሁ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ያረፉ ጊዜ ጥሩምባው ጎህ ሳይቀድ ተነፋ፤ እኔው ራሴ ነበርኩ የሄድኩት፣ መዝገብ ሳልገልጥ። አሁን ጸሐፊው ሌላ ነው፣ ከእርሱም በኋላ ሌላ ይመጣል፤ ማሽንም ይመጣል። እኔ የምለምናችሁ ያ ሌሊት ለአንድ ጸሐፊ ጸጸት ብቻ ሳይቀር ደንብ ሆኖ እንዲጻፍ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛው መዝገቡ አሁን በተነገረው ዓይነት ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባና ደብተሩ ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን እንዲቀጥል ነው። ሁለተኛው ስለ ውዝፍ የሚናገረው የደንባችን አንቀጽ፣ በሞት ቀን አገልግሎት እንዳይከለከል ሆኖ እንዲሻሻል ነው። ለሁለቱም እጃችሁን ብታወጡልኝ ሸክሜ ይቀልልኛል።

 ለከርሞም ሳንጎድል በዚሁ ዋርካ ሥር ያገናኘን።